ቀኝ እጁ የከዳው ፒያኒስት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለወላጆችና ለሙዚቃ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ ለብዙዎቻችሁ የሥራ ሰዓት ነው። ፈረቃ ቀይራችሁ፣ ልጆቻችሁን አስከትላችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ልጅ ሳለሁ አያቴ ከቤት ስንወጣ «ቀኝ ያውላችሁ» ብላ ነበር የምትሸኘን። ዛሬም ስልክ ላይ እናቴ ሳትለኝ አትዘጋም። ቋንቋችን ለቀኝ ያደላል። መልካም ነገር ሁሉ በቀኝ ነው የሚመጣው። የጨነቀው ሰው ደግሞ «ግራ ገባኝ» ይላል። ዛሬ የማወራላችሁ ቀኝ እጁ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ስለከዳው፣ ከዚያ በኋላም ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ በግራው ስለኖረ ፒያኒስት ነው። ስሙ ሊዮን ፍላይሸር ይባላል።

ይህን ሰው የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ጎረቤታችን ስለነበረ ነው። ያስተማረው ቦልቲሞር ነው፣ ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። የታከመው ቤቴስዳ ነው፣ ብዙዎቻችሁ በየቀኑ የምታልፉበት ሰፈር። የተሸለመው ዋሽንግተን፣ ኬኔዲ ሴንተር ነው። በዚሁ እኛ በምንመላለስበት መንገድ ሲመላለስ ኖሮ ነው በ2020 ያረፈው።

ሁለተኛው ምክንያት ታሪኩ የሚነገርበት መንገድ ስለማይዋጥልኝ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ይነገራል። ሊቅ ልጅ ነበረ። እጁ ታመመ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዳነ። ተጨበጨበለት። አያችሁ? ሠላሳው ዓመት ሁለት ቃል እንኳን አልደረሰውም። ሰው በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን ሲሠራ ነበር? ልጁን ሲያሳድግ፣ ሲያስተምር፣ ሲያዝን፣ ጠዋት ተነስቶ ሥራ ሲሄድ ነበር። እኔ ዛሬ በዋናነት የማወራው ስለዚያ መሃል ነው። ግን መነሻውን ሳታውቁ መሃሉ አይገባችሁምና ከዚያ እንጀምር።

ፍላይሸር የተወለደው በ1928 ሳን ፍራንሲስኮ ነው። አባቱ ከኦዴሳ፣ እናቱ ከፖላንድ የመጡ አይሁዳውያን ስደተኞች ነበሩ። አባትየው የሴቶች ባርኔጣ ሠሪ ነበር። እናትየው ለልጇ የወሰነችለት ሁለት ነገር ነው። ወይ የመጀመሪያው አይሁዳዊ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ይሆናል፣ ወይ ታላቅ ፒያኒስት ይሆናል። ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ ወላጆች አላችሁ። ስደተኛ ወላጅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

ፒያኖው የተገዛው ለታላቅ ወንድሙ ነበር። መምህር ቤት ድረስ ይመጣል፣ ወንድሙ ይማራል፣ ትንሹ ሊዮን ጥግ ይዞ ያዳምጣል። ትምህርቱ ሲያልቅ ወንድሙ ሊጫወት ወደ ውጭ ይሮጣል። ሊዮን ደግሞ ወንበሩ ላይ ይወጣና የሰማውን ሁሉ ይደግመዋል። ያኔ አራት ዓመቱ ነው። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ የሠራው ጆሮው ነው፣ ጣቱ የመጣው በኋላ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አርተር ሽናበል የሚባለው ታላቅ ፒያኒስት ጋ ሊያስተምሩት ፈለጉ። ሽናበል ሠላሳ ሁለቱንም የቤትሆቨን ሶናታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ያስቀረጸ ሰው ነው። ልጅ ግን አያስተምርም። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆነ አይቀበልም። አልፍሬድ ኸርትዝ የሚባል የኦርኬስትራ መሪ አንድ ዘዴ ፈጠረ። ሽናበልን እራት ጋበዘው። እንግዶቹ ሲበሉ ልጁና እናቱ በምድር ቤቱ በኩል ተደብቀው ገቡ። ሽናበል እራቱን ጨርሶ ወደ ሳሎን ሲመጣ አንድ ሕፃን ፒያኖው ላይ ተቀምጧል። ምን ያድርግ? አዳመጠው። ካዳመጠው በኋላ ተቀበለው። አንድ ነገር ብቻ አስገደደ፤ ልጁ ኮንሰርት መስጠት ያቁም አለ። ተአምረኛው ሕፃን እየተባለ መድረክ ለመድረክ መዞሩ ይብቃው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ አዳራሽ ያሉትን ወላጆች ይመለከታልና። ልጃችን ጎበዝ ሲሆን የመጀመሪያው ሐሳባችን ማሳየት ነው። ለዘመድ ቪዲዮ መላክ፣ ሠርግ ላይ ማስጫወት፣ ውድድር ማስገባት። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ሽናበል ግን ልጁን ከዓይን ሸሸገው። በ1938 ልጁ ከእናቱ ጋር ጣሊያን፣ ኮሞ ሐይቅ ዳር ወዳለው የሽናበል ቤት ሄደ። ሽናበል አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በርሊንን ለቆ ወጥቷል። ጦርነቱ ሲቃረብ መምህሩም ተማሪውም ኒው ዮርክ ተገናኙ። በጠቅላላው አሥር ዓመት ያህል አብረው ቆዩ። ሽናበል የተማረው ከሌሼቲትስኪ ነው፣ ሌሼቲትስኪ ከቸርኒ፣ ቸርኒ ደግሞ ከራሱ ከቤትሆቨን። እኛ ሀገር የቅኔ ተማሪ መምህሩን፣ የመምህሩንም መምህር እንደሚቆጥረው ማለት ነው። ፍላይሸር በዚህ የትውልድ ሐረግ ሙሉ ዕድሜውን ይኮራበት ነበር።

ሽናበል ምን አስተማረው? ዋናው ነገር ይህ ነው። ድምፁን መጀመሪያ በውስጥህ ስማው። ከሰማኸው በኋላ ቁልፉን ንካ። ሳትሰማ የነካኸው ድምፅ ሙዚቃ አይደለም፣ አጋጣሚ ነው።

በ1944 ፍላይሸር በአሥራ ስድስት ዓመቱ ካርኔጊ ሆል መድረክ ላይ ወጣ። አብሮት የነበረው የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ነው፣ መሪው ፒየር ሞንቶ። የተጫወተው የብራምስን የመጀመሪያ የፒያኖ ኮንቸርቶ ነው፤ ኮንቸርቶ ማለት አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ ነው። ይህ ሥራ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሲጀምር ከበሮው እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል፣ ኦርኬስትራው ብቻውን ደቂቃዎች ይጫወታል። ፒያኒስቱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። በአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ ያንን ሁሉ ድምፅ ጎን ቁጭ ብሎ ተራን መጠበቅ ምን እንደሚመስል አስቡት። ተራው ሲደርስ ደግሞ ፒያኖው በጩኸት አይገባም። በቀስታ፣ እንደሚያዝን ሰው ነው የሚገባው። ሞንቶ ከዚያ በኋላ ልጁን የምዕተ ዓመቱ ግኝት ብሎ ጠራው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው፣ ስኬት ስኬት ነው። በ1952 ብራስልስ ላይ የንግሥት ኤልሳቤጥን ውድድር አሸነፈ። ያንን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነው። ዓመታትን አውሮፓ ኖረ። ከመሪው ከጆርጅ ሴልና ከክሊቭላንድ ኦርኬስትራ ጋር አምስቱንም የቤትሆቨን፣ ሁለቱንም የብራምስ ኮንቸርቶዎች ቀረጸ። ሴል ኃይለኛ ሰው ነበር፣ ሙዚቀኞቹ ይፈሩታል። እነዚያ ቅጂዎች ስልሳ ዓመት አልፏቸው ዛሬም ይሸጣሉ፣ ዛሬም ይደመጣሉ። እኔ አራተኛውን የቤትሆቨን ኮንቸርቶ ለተማሪዎቼ የማሰማው ከዚያ ነው። በ1959 ቦልቲሞር ፒቦዲ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

በ1964 ገደማ ቀኝ እጁ ላይ አንድ ነገር ተሰማው። መጀመሪያ ትንሽ ድካም ነበር። ጣቶቹ እንደ ድሮው አይታዘዙም። ቀስ በቀስ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ወደ መዳፉ መታጠፍ ጀመሩ። እሱ ሳያዛቸው ነው የሚታጠፉት።

እስቲ አሁን አንድ ነገር አብረን እንሞክር። ቀኝ እጃችሁን ከፊት ያለው ወንበር ጀርባ ላይ ወይም ጉልበታችሁ ላይ ዘርጉት። የመሃል ጣታችሁን ወደ ውስጥ እጠፉት። አሁን ሌላውን ሳታንቀሳቅሱ የቀለበት ጣታችሁን ብቻ አንሱ። አልተነሳም አይደል? ልጆች፣ እጅ ማገዝ የለም! ትእዛዙን ሰጥታችኋል፣ ጣቱ ግን አልሰማም። እናንተ ላይ የሆነው የጅማት ጉዳይ ነው፣ የመሃል ጣቱን ስትዘረጉት ይለቃችኋል። ፍላይሸር ላይ የደረሰው ሌላ ነው። ግን ስሜቱ ይህን ይመስላል። «ተነስ» ትለዋለህ፣ አይነሳም።

ፍላይሸር ምን አደረገ መሰላችሁ? ጨምሮ ተለማመደ። ችግሩ የሥራ ማነስ መስሎታል። እጁ በደከመ ቁጥር ሰዓቱን አበዛ። ይህን ስናገር አንዲት ተማሪዬ ትዝ ትለኛለች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። አንጓዋን ሲያማት ለወራት ደበቀችኝ። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «ሰነፍ የምባል መስሎኝ» አለችኝ። እኔ ነኝ ያንን ያስተማርኳት ብዬ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። «በርቺ፣ ሳይደክሙ አይገኝም» እያልኩ ነበር የማስተምራት። አሁን ለተማሪዎቼ ሁሉ መጀመሪያ የምነግራቸው ካመማችሁ አቁሙ፣ አቁማችሁም ንገሩኝ ነው።

በ1965 ክሊቭላንድ ኦርኬስትራ ወደ ሶቭየት ኅብረት ለረጅም ጉዞ ሲነሳ ፍላይሸር አብሮ ሊሄድ ነበር። ዋዜማው ላይ ቀረ። ሌላ ፒያኒስት ተተክቶ ሄደ። አውሮፕላኑ ሲነሳ እሱ ቤቱ ቀርቷል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቀኝ እጁ መጻፍ እንኳን ተሳነው።

ያኔ የበሽታው ስም አይታወቅም ነበር ማለት ይቻላል። ሐኪም ለሐኪም ዞረ። መርፌ ተወጋ፣ ማሸት ተሞከረ፣ ሃይፕኖሲስ ተሞከረ። እኛ ብንሆን ጸበል ይዘነው እንሄድ ነበር፣ እሱም በራሱ መንገድ ያላንኳኳው በር የለም። ትዳሩ ፈረሰ። ጸጉሩን አስረዝሞ ጭራ አሰረ፣ ጺሙን ለቀቀ፣ ቬስፓ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ይዞር ጀመር። ራሱን ለማጥፋት እንዳሰበም በኋላ ሳይደብቅ ተናግሯል። ይህን የምጠራው ለማስደንገጥ አይደለም። ይህ ሰው በሕይወቱ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ማንነቱ እጁ ነበር። እጁ ሲሄድ እኔ ማን ነኝ አለ። እዚህ ሀገር ስንመጣ ሙያችንን ጥለን የመጣን ሰዎች ይህን ጥያቄ እናውቀዋለን። መሐንዲስ ሆኖ ፓርኪንግ የሠራ፣ መምህር ሆኖ ታክሲ የነዳ እዚህ አለ። ያ ሌሊት ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቁታላችሁ።

በሁለተኛው ዓመት ገደማ አንድ ነገር ገባው። እኔ የምወደው ሙዚቃን ነው፣ በሁለት እጅ ፒያኖ መጫወትን ብቻ አይደለም አለ። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ጀመረ። ማስተማሩን አጠበቀ። ኦርኬስትራ መምራት ያዘ። በ1967 ዋሽንግተን ውስጥ ቲያትር ቻምበር ፕሌየርስ የተባለውን ቡድን ከሌላ ሙዚቀኛ ጋር መሠረተ፣ በ1970 ደግሞ የአናፖሊስ ሲምፎኒ መሪ ሆነ። እንዲሁም ለግራ እጅ ብቻ የተጻፉ ሥራዎችን መጫወት ጀመረ።

ለግራ እጅ ብቻ የተጻፈ ሙዚቃ አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሞልቷል። አብዛኛውም ከአንድ ሰው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ፖል ዊትገንስታይን ይባላል። የቪየና ሀብታም ቤተሰብ ልጅ፣ የፈላስፋው የሉድቪግ ወንድም። በ1914፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሲጀመር ቆሰለና ቀኝ ክንዱ ተቆረጠ። ሩስያውያን ማርከው ሳይቤሪያ ወሰዱት። እዚያ እስር ላይ ሆኖ የእንጨት ሳጥን ላይ በከሰል የፒያኖ ቁልፎች ሣለ። በግራ እጁ ያንን ድምፅ የሌለው ሳጥን እየነካካ በልቡ ያለውን ሙዚቃ ለግራ እጅ ያመቻች ነበር። ድምፁን በውስጥ መስማት ማለት ይህ አይደለም?

ከጦርነቱ በኋላ ሀብት ነበረውና የዘመኑን ታላላቅ የሙዚቃ ደራሲዎች እየከፈለ አስጻፈ። ኮርንጎልድ፣ ሪቻርድ ስትራውስ፣ ራቬል፣ ፕሮኮፊዬቭ፣ ብሪተን ጻፉለት። ጸባዩ ግን አስቸጋሪ ነበር። ራቬል በጻፈለት ላይ የራሱን ለውጥ አስገብቶ ተጣሉ። የፕሮኮፊዬቭን አልገባኝም ብሎ ሳይጫወተው ቀረ። የሂንደሚትን ደግሞ በ1923 ተቀብሎ ቆለፈበት። ይህን የሂንደሚትን ያዙልኝ።

ፍላይሸር የራቬልን ኮንቸርቶ የራሱ አደረገው። ቤታችሁ ስትገቡ ፈልጋችሁ ስሙት፣ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ከጨለማ ይጀምራል። ከታች፣ በጣም ከታች፣ ኮንትራባሱን የሚባለው ትልቅ የእንጨት ዋሽንት መሳይ መሣሪያ ያጉረመርማል። ከዚያ ፒያኖው ሲገባ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙ ሁለት እጅ ነው ትላላችሁ። አንዳንዴ ሦስት ይመስላል።

እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ። ፒያኖው ጋ ልሂድ።

ግራ እጄን እዩ። በተለመደው አጨዋወት ግራ እጅ አጃቢ ነው፣ ዜማው ቀኝ ላይ ነው። ቀኝ እጅ ላይ ደግሞ ዜማው ያለው ላይኛው ጫፍ፣ ማለትም ትንሿ ጣት ላይ ነው። ከአምስቱ ደካማዋ ጣት ላይ ዋናውን ሸክም ጭነንባታል! በግራ እጅ ብቻ ስትጫወቱ ግን ላይኛው ጫፍ ላይ ያለው አውራ ጣት ነው። ጠንካራው። ስሙት... ይህ አውራ ጣት ሲዘፍን ነው። አሁን ከታች ባሱን በትንሿ ጣት ልምታ፣ በእግሬ ፔዳሉን ልያዝ፣ እጄ ደግሞ ቶሎ ወደ ላይ ይዝለል። ባሱ ገና አልሞተም፣ ዜማው ጀምሯል። ጆሮአችሁ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ግራ እጅ ለዜማ የተፈጠረ ይመስላል። የኛን በገና ደርዳሪዎች አስቡ፣ አውታሮቹን የሚደረድሩት በግራ እጃቸው ጣቶች ነው። ግራ እጅ ጸሎት ማድረስ እንደሚችል እኛ ከጥንት እናውቃለን።

ወደ ማስተማሩ ልመለስ። እኔ ፍላይሸርን ከሁሉ በላይ የማከብረው እዚህ ላይ ነውና።

በፊት ተማሪ ሲሳሳት ፍላይሸር እንደ ብዙዎቻችን ነበር። «ቆይ ተነስ» ይልና ቁጭ ብሎ ያሳያል። ተማሪውም ያየውን ይቀዳል። እጁ ከከዳው በኋላ ማሳየት አልቻለም። ቃል መፈለግ ግድ ሆነበት። ይህ ሐረግ ወዴት ነው የሚሄደው? የቱ ድምፅ ነው ሌላውን የሚስበው? ዝምታው ለምን እዚህ ቦታ ተቀመጠ? ይህን ሁሉ በአፉ ማስረዳት ነበረበት። ተማሪው የመምህሩን እጅ መቅዳቱ ቀረና ራሱ መስማት ጀመረ። እሱ ራሱም ከሕመሙ በኋላ የተሻለ መምህር እንደሆነ ይናገር ነበር። አንድሬ ዋትስ፣ የፊም ብሮንፍማን፣ ጆናታን ቢስ ከእሱ እጅ ነው የወጡት። ከእሱ አፍ ብል ይሻላል። ፒቦዲ ላይ ስልሳ ዓመት ገደማ አስተምሯል።

አንድ ሙከራ ደግሞ በመሃል ነበረ። በ1982 ቦልቲሞር ውስጥ ማየርሆፍ የሚባለው አዲስ የሙዚቃ አዳራሽ ሲመረቅ ፍላይሸር በሁለት እጁ ሊጫወት ተጠራ። በቴሌቪዥን ተላለፈ። የሴዛር ፍራንክን ሥራ ተጫወተ። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበለት፣ ጋዜጣው ሁሉ ተመለሰ ብሎ ጻፈ። እሱ ግን አለመዳኑን ያውቅ ነበር። ጣቶቹን እንደምንም አታሎ ነው የተወጣው። ከዚያ በኋላ የታቀዱለትን የሁለት እጅ ኮንሰርቶች ትቶ ወደ ግራው ተመለሰ። ሰው ሁሉ «ዳንክ» እያለህ «አልዳንኩም» ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡ። ለኔ ከ1944ቱ ምሽት ይልቅ ይኼኛው ይበልጣል።

በኋላ የበሽታው ስም ታወቀ። ፎካል ዲስቶኒያ ይባላል። ጣቱ ጤነኛ ነው፣ ጡንቻውም ጤነኛ ነው። የተዛባው አእምሮ ነው። አእምሯችን ውስጥ ለእያንዳንዱ ጣት የየራሱ ቦታ አለው። አንድን ረቂቅ እንቅስቃሴ ለዓመታት በብዛት ሲደጋግሙት፣ አንዳንድ ሰው ላይ የጎረቤት ጣቶች ወሰን ይደበዝዛል። አንዱን ስታዘው ሌላው አብሮ ይነሳል ወይ ይታጠፋል። ከመቶ ሙዚቀኛ አንዱን ያህል እንደሚያገኝ ይገመታል። ጸሐፊዎች ላይም ይታያል።

ቤቴስዳ የሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ ቦቶክስን ለዚህ በሽታ እየሞከሩ ነበር። ቦቶክስ ሲባል ለፊት መጨማደድ ብቻ የሚመስለን አለን። ምንጩ ኃይለኛ መርዝ ነው። በጣም በጥቂቱ ሲወጉት ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት ያቋርጣል። ፍላይሸር ክንዱ ላይ፣ ጣቶቹን ወደ ውስጥ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ላይ ተወጋ። ጡንቻው ሲላላ የታጠፉት ጣቶች ተዘረጉ። የጠለቀ የማሸት ሕክምናም ጎን ለጎን ይከታተል ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሞዛርትን ኮንቸርቶ በሁለት እጁ ተጫወተ።

ግን ልብ በሉ፣ አልዳነም። መርፌው በየጥቂት ወሩ ይደገማል። በሽታው እስከ ሞቱ አብሮት ነበር። እየተጠነቀቀ፣ ለእጁ የሚሆነውን እየመረጠ ነው የተጫወተው። የግራ እጁንም ሥራ አልተወም። እንደውም በ1996፣ ቀኝ እጁ በተመሳሳይ ሁኔታ ከተጎዳበት ከጓደኛው ከጋሪ ግራፍማን ጋር አንድ የሚያስደንቅ ነገር አደረጉ። ዊልያም ቦልኮም የሚባል ደራሲ ለሁለቱ ግራ እጆች ጻፈላቸው። አንዱ ለብቻው ይጫወታል፣ ሌላው ለብቻው ይጫወታል። ቀጥሎ ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ላይ ይነሳሉ፣ ሦስተኛ ሥራ ይሆናሉ። ቦልቲሞር ላይ ነው የቀረበው። ሁለት የተጎዱ ሰዎች፣ ሁለት ግራ እጅ፣ አንድ መድረክ።

በ2004 ደግሞ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያው የሆነውን የብቻ የሁለት እጅ አልበሙን አወጣ። ከባኽ ይጀምራል፣ መጨረሻው ሹበርት ከመሞቱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የጨረሰው ረጅሙ ሶናታ ነው። እርጋታው ይገርማል። ከ1950ዎቹ ቅጂዎቹ ጋር አስተያዩት። ያኔ ጣቱ ይበር ነበር። አሁን እያንዳንዱ ድምፅ ቦታውን አውቆ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ያዙልኝ ያልኳችሁ ነው። የዊትገንስታይን ሚስት ካረፈች በኋላ ያ የተቆለፈበት የሂንደሚት ሥራ ከንብረቷ መሃል ተገኘ። ሰማንያ ዓመት ማንም ያልሰማው ሙዚቃ ነው። በታኅሣሥ 2004 በርሊን ላይ፣ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክና ከሰር ሳይመን ራትል ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው ፍላይሸር ነው። ያኔ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። መቼም ሠላሳ ዓመት በግራ እጁ ባይኖር ኖሮ ለዚያ ወንበር ማን ይጠራው ነበር?

በ2007 የኬኔዲ ሴንተር ክብር ተሰጠው። የኢራቅን ጦርነት ይቃወም ስለነበር ዋይት ሀውስ ለሚደረገው ግብዣ መሄድ አስጨንቆት፣ የሰላም ምልክት አንገቱ ላይ አድርጎ ሄደ። ከባለቤቱ ከፒያኒስቷ ካትሪን ጃኮብሰን ጋር በአንድ ፒያኖ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። በነሐሴ 2 ቀን 2020 ቦልቲሞር ላይ አረፈ። ዘጠና ሁለት ዓመቱ ነበር።

አሁን ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር ልጫወትላችሁ።

ባኽ ለአንድ ቫዮሊን ብቻ የጻፈው ሻኮን የሚባል ሥራ አለ። አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። ብራምስ በጣም ይወደው ነበር። በ1877 ለፒያኖ አዘጋጀው፣ ግን ለግራ እጅ ብቻ። ቫዮሊን ተጫዋች በአራት አውታር ብቻ ያንን ሁሉ ዓለም ሲሸከም የሚሰማውን ጥበት በሁለት እጅ አላገኘውም፣ በአንድ እጅ ግን አገኘው። ጽፎ ሲጨርስ ለወዳጁ ለፒያኒስቷ ለክላራ ሹማን ላከላት። እሷ ደግሞ በዚያው ሰሞን መሳቢያ ስትከፍት የቀኝ እጇ ጅማት ዞሮባት ነበር። ብራምስ ይህን አያውቅም። ፖስታው ደረሳት፣ ከፈተችው፣ የግራ እጅ ሙዚቃ።

ፍላይሸር ይህን ሥራ ለብዙ ዓመታት ተጫውቶታል። እኔ ሙሉውን አልችልም፣ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው። ልጆች፣ ወደ ፊት ኑና ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ እጄ ይታያችሁ። ስልካችሁን ዝጉልኝ። ቀኝ እጄን ጉልበቴ ላይ አሳርፈዋለሁ።